ዘይት የጠጣ ፍሬን

ለመስቀል ወደ ደባርቅ ስንወጣ ልጄ ትዕግስት ብስክሌቴን ካልያዝኩ አልሄድም አለች። ጎንደር ላይ በቅርቡ የገዛሁላት ናት፤ ቀለሟ የለቀቀ፣ ወንበሯ የተላጠ፣ ግን የፊትም የኋላም ዲስክ ፍሬን ያላት። ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ አሳሰርኳት፤ ዳባት ላይ ወርጄ ገመዷን እንደገና አጠበቅኩ፤ እህቴ ቤት ደረስን። አባቴ አሁን የሚኖረው ከእህቴ ጋር ነው። እርሻውን ለሌላ ሰው ከሰጠ ቆይቷል። ብስክሌቷን አውርደን ግድግዳው ላይ እንዳስደገፍናት ከመደቡ ተነሣ፤ ቀስ እያለ ሄዶ ፊቷ ቆመ። ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ጎንበስ ብሎ ዲስኩን ያይ ጀመር።

“አይንኩት!” አልኩ።

ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። እህቴ ከጓዳ ብቅ አለች። ልጄ ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ፤ አያቷን እንዲህ ስናገር ሰምታ አታውቅም። አባቴ ቀና አለ፤ ሄዶ መደቡ ላይ ተቀመጠ። በኋላ ትዕግስት ለብቻዬ ስታገኘኝ “ምን አድርገውህ ነው?” አለችኝ። ምን ልበላት? በአንድ ጨርቅ የጠመንጃ ዘይት ምክንያት ይህን ሁሉ ዘመን ስቃጠል የኖርኩ ሰው ነኝ ብላት ትስቅብኛለች። ስለዚህ ዝም አልኳትና እዚህ ልጽፈው ተቀመጥኩ።

ያኔ ሃያ ዓመት አልፎኝ ነበር። ቤታችን ከደባርቅ ወደ ዳባት ሲኬድ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው፤ ገብስና ባቄላ የሚበቅልበት፣ ጉም የማይለየው ሜዳ። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ ለአባቴ ነገሩ እዚያው አለቀ። “በል እንግዲህ፣ ሞፈሩ ከቦታው ነው” አለኝ። እኔ ሞፈሩን ዞር ብዬም አላየሁት። ዓይኔ የነበረው ለቱሪስት ጓዝ ተሸክሜ ባገኘሁት ጎንደር ሄጄ በገዛኋት አሮጌ ብስክሌት ላይ ነው። ከባድ የብረት ብስክሌት ነበረች፤ አቀበት ላይ ከመንዳት መግፋት ይሻላል። ቢሆንም ከደባርቅ ገበያ ስመለስ ነፋሱ ጆሮዬ ላይ ሲያፏጭ፣ ከዚያ ቤትና ከዚያ ሞፈር የምወጣው በእሷ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ስለ ፍሬኗ ልናገር። ሁለት የላስቲክ ቁራጮች የቸርኬውን ጠርዝ ከግራና ከቀኝ ቆንጥጠው የሚያቆሙበት ዓይነት ነው። ለሜዳ ይበቃል። ለዳባትም ይበቃል። ሊማሊሞን ለማያውቅ አገር ሁሉ ይበቃል። ደባርቅን ወጣ እንዳልክ ግን ምድሩ ድንገት ያልቅና መንገዱ በገደሉ ደረት ላይ እየተጠማዘዘ እስከ ዛሪማ ቆላ ይወርዳል። ያኔ አስፋልት አልነበረም፤ ጠጠርና ጭቃ ነው። ላይ በጋቢ ተጀቡነህ ትነሣለህ፣ ታች ሸሚዝህን ታወልቃለህ። በክረምት ጭቃው ቸርኬው ላይ ይለጠፍና ላስቲኩ የሚቆነጥጠው ብረቱን ሳይሆን ጭቃውን ይሆናል። በበጋ ደግሞ ቸርኬው ይግላል፤ የተቃጠለ ጎማ ሽታ አፍንጫህን ይሞላዋል፤ አንዳንዴም የውስጥ ጎማው፣ ካላማዳሪው፣ በመታጠፊያው ላይ ይፈነዳብሃል። እኔ ሊማሊሞን የምወርደው ፍሬን እየያዝኩ ሳይሆን እግሬን መሬት ላይ እየጎተትኩ ነበር። በዓመት የምጨርሰው ጫማ እናቴን ያስለቅሳት ነበር።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ አስጎብኚ ድርጅት ከጎንደር መጣ። ፈረንጆች ከደባርቅ በብስክሌት ሊማሊሞን ወርደው ዛሪማ ላይ መኪና የሚጠብቃቸው ጉዞ ሊጀምር ነው ተባለ። ከፊት እየነዳ መንገድ የሚመራ የአገር ልጅ ይፈልጋሉ። ደባርቅ ውስጥ ብስክሌት የሚነዳ ሞልቷል፤ ቁልቁለቱን እስከ ታች በብስክሌት ወርዶ የሚያውቅ ግን እኔ ነበርኩ። የድርጅቱ ኃላፊ የጃኬቱን ዚፕ እስከ አገጩ የዘጋ ሰው ነው። ብስክሌቴን ዞር ዞር ብሎ አያት።

“አንተን ወድጄሃለሁ” አለኝ። “በዚህ የላስቲክ ፍሬን ግን ሰው አስከትለህ አትወርድም። የእኛ ደንብ ዲስክ ነው። ዲስክ አስገጥመህ ና፤ ከመስቀል በፊት ዛሪማ ድረስ ወርደህ ታሳየኛለህ፣ ከዚያ ሥራው ያንተ ነው።”

ሱሪህን አሳጥረህ ና የሚል ነው የሚመስለው። ዲስክ ፍሬን እንዲህ በቀላሉ የሚገጠም ነገር አይደለም። ጎማው መሃል ላይ የትንሽ ሰሃን ስፋት ያለው ክብ ብረት ይታሰራል፤ ያን ብረት ሁለት ትንንሽ ሸራዎች ነክሰው ያቆሙታል። ጭቃው ያለው ጎማው ዳር ነው፤ ዲስኩ መሃል ላይ ንጹሕ ሆኖ ይዞራል። ጥበቡ ይኸው ነው። የእኔ ብስክሌት ግን የተሠራችው ይህ ሁሉ ሳይታሰብ ነው። የጎማዋ መሃል ዲስክ የሚታሰርበት ቀዳዳ የለውም፤ አካሏ ላይም ፍሬኑ የሚቀመጥበት ጆሮ የለም።

ከመናኸሪያው ጀርባ በቆርቆሮ በተከለለ ቤት ውስጥ የሚሠራ መላኩ የሚባል በያጅ ነበር። ከእኔ ጥቂት ዓመት የሚበልጥ፣ ደንበኛ ሲቆጣ እንጂ ሲያባብል ታይቶ የማይታወቅ ሰው ነው። እሱ ጋ አንዲት የፈረንጅ ብስክሌት ወድቃ ነበር። ባለቤቷ በእሷ ተራራው ውስጥ ያለች አምቢኮ የምትባል መንደር እደርሳለሁ ብሎ ድንጋይ ላይ አካሏን ለሁለት ሰብሮ፣ በበቅሎ አስጭኖ መልሶ፣ እዚያው ጥሏት ሄዷል። ጎማዎቿ፣ ዲስኮቿና የፍሬን እጀታዎቿ ግን ደህና ነበሩ። ሰኔ ላይ ሄጄ ለመንኩት። ክረምቱን ጠዋት ጠዋት እየመጣሁ የመስኮትና የበር ብረት ልቆርጥለት፣ እሱ ደግሞ የሞተችውን ብስክሌት ፍሬን ለእኔዋ ሊያወርሳት ተስማማን።

ያን ክረምት አልረሳውም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እርስ በርስ አንሰማማም፤ መላኩ ሲሰድበኝ አፉ ሲንቀሳቀስ ብቻ አያለሁ። የላስቲኩን ፍሬን ፈትተን ጣልነው። የፈረንጁን ጎማዎች አስገባን። የድሮዎቹ እጀታዎች ሽቦውን ከሚገባው በላይ ስለሚስቡት የፈረንጁን እጀታዎች መሪዋ ላይ አሰርን። የከበደን ጆሮው ነው። ጆሮው ሲበየድ ጥቂት ካዘመመ ወይ ዲስኩ ሸራውን እያሻሸ ሲጮህ ይውላል፣ ወይ ጭራሽ አይነክስም። መላኩ መጀመሪያ የበየደው ጠመመ። ብስክሌቷንም ፈረንጁንም እኔንም ተራ በተራ ሰደበና ቆርጦ ጥሎት እንደገና ጀመረ። ሁለተኛውን ሲበይድ አልተሳደበም፤ ትንፋሹንም የያዘ መሰለኝ። ሲበርድ ጎማውን አሽከረከርነው። ዲስኩ ድምፅ ሳያሰማ ዞረ።

ከመናኸሪያው ጀርባ ካለችው ቁልቁለት ለቀቅኳትና እጀታውን በሁለት ጣት ነካሁት። ቀጥ ብላ ቆመች። እኔ ነኝ በመሪው ላይ ልወረወር ትንሽ የቀረኝ። መላኩ በዚያ ክረምት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

“ሸራው እስኪላመድ አልፎ አልፎ ይንሸራተትብህ ይሆናል፤ አትደንግጥ” አለኝ። ይህን ምክር በኋላ ረገምኩት።

ብስክሌቷን ቅዳሜ ወደ ቤት ወሰድኳት። ፈተናው ሰኞ ነበር። ከቤቱ ግድግዳ አስደግፌ አቆምኳትና ለሰኞ ሰው ልምሰል ብዬ ፀጉሬን ልስተካከል ወደ ከተማ ተመለስኩ።

እዚህ ላይ አባቴን ማወቅ ያስፈልጋል። ከአባቱ የወረሰው አንድ ምንሽር አለው። ሲተኩስበት ያየሁት ለቀብርና ለሠርግ ብቻ ነው፤ ግን ዘወትር ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሰንበት ሳይገባ፣ ደጅ መደቡ ላይ ተቀምጦ ምንሽሩን ፈታትቶ ይወለውላል። ያረጀ ነጠላ ቅዳጅ አለችው፣ ዘይት የያዘች ጣሳ አለችው። የእኛ አገር ጉም ብረት ይበላል፤ ያደረ ማጭድ እንኳ ጠዋት ቡናማ ሆኖ ታገኘዋለህ። አባቴ ጠመንጃው የዛገበትን ሰው ሚስቱን በራብ እንደቀጣ ሰው ነበር የሚያየው። ልጆች ሆነን ሲስመን እጁ የሚሸተው ያን ዘይት ነው። እስከ ዛሬ የትም ቦታ ቢሸተኝ ዞር ብዬ እሱን እፈልጋለሁ።

ያን ቅዳሜ ምንሽሩን ጨርሶ ቀና ሲል ብስክሌቷን አየ። ከመላኩ ቤት ስትወጣ ያልተቀባው አዲስ ብየዳ ዝናብ ነክቶት ዝጎ ነበር። ብስክሌቷን አይወዳትም፤ ልጁን ከእርሻ የምታስኮበልል ብረት ናት። የዛገ ብረት አይቶ ማለፍ ግን አይችልበትም። ቅዳጇን ዘይት አጠጥቶ ብየዳውን ወለወለ። ከዚያ ጎኑ ያለውን ክብ ብረት አየ፤ የሚያብረቀርቅ፣ ራቁቱን ያለ። እሱንም በደንብ አድርጎ፣ ከፊትም ከኋላም፣ ቀዳዳ ቀዳዳው ውስጥ ሳይቀር ቀባው።

ይህን ሁሉ ያወቅኩት በኋላ ነው። ሰኞ ጠዋት እናቴ በሶ በጥብጣ አጠጣችኝ። ስወጣ አባቴ በር ላይ ቆሞ ነበር።

“ብረትህን አየኋት፤ ደህና ናት” አለኝ።

ስለዚያች ብስክሌት ደግ ነገር ከአፉ ሲወጣ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ደስ አለኝ። ደባርቅ እስክደርስ ፊቴ ላይ ፈገግታ ነበር። ከሁሉ ይበልጥ የሚያናድደኝ ያ ደስታዬ ነው።

መንገድ ዳር ሴቶች የባቄላ እሸት ይሸጣሉ። ገብሱ ቢጫ ሊሆን ቃጥቶታል። እስከ ደባርቅ ያለው መንገድ ሜዳ ስለሆነ ፍሬን የያዝኩት እምብዛም አይደለም፤ ስይዘውም ሲያመልጠኝ የመላኩን ምክር አስታወስኩ፤ ሸራው አልተላመደም አልኩ። ኃላፊው በመኪና ከኋላዬ ሊከተለኝ ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ጉሙ ከታች እየወጣ ነው። እጄን አወዛውዤለት ለቀቅኳት።

የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ እጀታውን ሳብኩት። ምንም የለም። አጥብቄ ሳብኩት፤ እጀታው መሪው ድረስ መጣ፣ ብስክሌቷ ግን እንዲያውም ፈጠነች። እግሬን መሬት አስነካሁ፤ ጫማዬ ወልቆ ሄደ። ከቀኜ ገደሉ ነው፣ ከግራዬ የተቆረጠው አለትና የውሃ መውረጃው ቦይ። ወደ ግራ ጣልኳት። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው አፌ ውስጥ የደም ጣዕም መኖሩንና የፊት ጎማው ጆሮዬ አጠገብ መሽከርከሩን ነው። ትከሻዬን ማንቀሳቀስ አልቻልኩም። ጎማው ቆመ፤ ዲስኩ አፍንጫዬ ሥር ነበር። ሸተተኝ። ቦይ ውስጥ ተኝቼ፣ ጥርሴ ተሰብሮ፣ የልጅነቴ ሽታ ሸተተኝ። ሌላ ማስረጃ አላስፈለገኝም።

ኃላፊው ሰው ነው፤ አንሥቶ ከነብስክሌቴ ጭኖ ሐኪም ቤት አደረሰኝ። ሲለየኝ ግን “አዝናለሁ ወንድሜ፣ ኃላፊነት አለብኝ” አለ። ሥራውን ጎንደር ላደገ ልጅ ሰጡት። ልጁ ከመኪና መስኮት ካልሆነ በቀር ሊማሊሞን አይቶ አያውቅም።

እጄ ታስሮ ቤት ስገባ አባቴ ብድግ አለ። ፊቴን አይቶ የእሱ ፊት አመድ መሰለ።

“ማን ነው የበየደው?” አለ።

“ብየዳው ምንም አልሆነም። ዲስኩን ምን አደረጉት?”

“ምን አደርገዋለሁ? ብየዳው ዝጎ አገኘሁትና ቀባሁት። ክቡንም ብረት ቀባሁልህ።”

“ፍሬን እኮ ነው! ፍሬን ዘይት ከነካው አይዝም። ሸራው ዘይቱን ጠጥቶታል፣ ገደል ሊከተኝ ነበር!”

“ዘይት ብረትን ጎድቶ አያውቅም” አለ። “ያ ኮተታም በያጅ ነው ልጄን የሰበረብኝ።”

ክፉ ሰው ቢሆን ደስ ባለኝ። ተንኮል ቢሆን፣ ልጄ እንዳይሄድብኝ ብሎ ቢሆን፣ እጠላውና እገላገል ነበር። ግን በሚያውቀው ሁሉ፣ ለምንሽሩ በሚያደርገው፣ ሊንከባከበኝ ነው የሞከረው። ንዴቴ መውጫ አጥቶ ደረቴ ውስጥ ቀረ። ወጌሻው ትከሻዬን ሲያሸኝ የጮኽኩት ከሕመሙ አልነበረም።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን አባቴ ምንሽሩን አንግቶ መላኩ ቤት ሄደ። እንዳይሄድ እየለመንኩ ተከተልኩት። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት “ልጄን ልትገድልብኝ ነበር” አለው። መላኩ ደሙ ፈላ። የዘይቱን ነገር ከእኔ ሰምቷል፤ ያን ክረምት ሙሉ የደከመበትን ሥራም ያውቃል።

“ፍሬኑን ያበላሹት እርስዎ ነዎት! ጃጅተዋል እኮ!” አለ።

ዕድሜ ለጠገበ ሽማግሌ፣ ያውም ጠመንጃ ለያዘ፣ እንዲህ አይባልም። ሰዎች መሃላቸው ገብተው ገላገሉ፤ ነገሩ ግን በዚያ አልቆመም፤ ሽማግሌ ተቀመጠ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ ተሰበሰቡ። ከመሃላቸው በዕድሜ የሚበልጡት አንድ መሪጌታ ነበሩ። አባቴ ተናገረ፣ መላኩ ተናገረ። እኔ እጄን እንዳንጠለጠልኩ ተነሣሁ።

“የወደቅኩት እኔ ነኝ” አልኩ። “ብየዳው ደህና ነበር። ዲስኩ ዘይት ተቀብቷል።”

መሪጌታው ቀስ ብለው አዩኝ። “ልጄ፣ በአባትህ ላይ ልትመሰክር ነው የቆምኸው?”

“በአባቴ ላይ አይደለም መሪጌታ፤ በዘይቱ ላይ ነው።”

“ተቀመጥ እንግዲያ። ፍሬን የሚሉት ነገር እኛ አናውቀውም፤ በማናውቀው ነገር አንፈርድም። ስድቡን ግን እናውቀዋለን። እኛን ያስቀመጠን ስድቡ ነው።”

ተቀመጥኩ። ምን ላድርግ? እውነቱ እንዲህ ብሎ ተቀበረ። መላኩ የሚያህል ሥራ የሚያውቅ ሰው፣ ጥፋት የሌለበት ሰው፣ ይቅርታ ጠይቅ ተብሎ ጥቁር ድንጋይ አንሥቶ ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ አባቴ እግር ሥር ቆመ። አባቴ ድንጋዩን አወረደለት። “ይቅር ለእግዜር” አለ። ሽማግሌዎቹ መረቁ። ሁሉም ደስ አለው። አባቴ ብቻ ቀና አላለም፤ መሬት መሬት ያይ ነበር። እኔ ግን ያኔ ፊቱን የማንበብ ትዕግሥት አልነበረኝም። አንድ ንጹሕ ሰው ድንጋይ አሸከመ፣ ያውም በእኔ ምክንያት፤ ይህ ብቻ ነው የታየኝ። ትከሻዬ ሳይድን ጎንደር ወረድኩ።

እዚያው ቀረሁ። አሁን የመኪና መለዋወጫ ዕቃ እሸጣለሁ፤ የፍሬን ሸራ ሳልሸጥ የምውልበት ቀን የለም። በየበዓሉ ደባርቅ ስሄድ ከአባቴ ጋር ያንኑ ጭቅጭቅ እንጨቃጨቃለን። አንዴ ከሱቄ ዲስክና ሸራ ይዤ ሄጄ፣ ዓይኑ እያየ ዘይት ቀብቼ፣ “እስቲ ይያዙት” አልኩት። “ዘይት ብረትን ጎድቶ አያውቅም” አለና በሬዎቹን ሊያይ ወጣ። ከጀርባው ሆኜ ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም። ዓመታት ሲያልፉ ምንሽሩ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ዝጎ አየሁት። አረጀ፣ ተወው ብዬ አለፍኩ።

ወደ ዘንድሮው ልመለስ። የትዕግስት ብስክሌት ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ስትንገላታ የፊት ዲስኳ ጥቂት ጠሞ በነጋታው መጮህ ጀመረች። መላኩ ጋ ወሰድኳት። ቤቱ አሁን በብሎኬት ተሠርቷል፤ እሱ ሸብቷል፣ ቁጣው ግን አልሸበተም። ዲስኩን ፈትቶ ማቃናት ሲጀምር በሩ ጥግ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ደንበኛ ሁሉ የሚቀመጥበት፣ ከመቀመጥ ብዛት የለሰለሰ ድንጋይ ነው። ትናንት አባቴ ላይ መጮሄን ነገርኩት። ያን ድንጋይ ያሸከመህን ቀን አልረሳውም፣ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል አልኩት።

መላኩ መዶሻውን አስቀመጠ። “የተቀመጥክበትን አየኸው?” አለኝ።

“ምኑን?”

“የእኔው ድንጋይ እዚያው ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ቀረ። ይሄ የአባትህ ነው። በማግስቱ ጠዋት በሬን ስከፍት ተሸክመውት ቆመው አገኘኋቸው። ከቤታችሁ ነው ያመጡት፣ ያን ሁሉ መንገድ። ‘አውርድልኝ’ አሉኝ። ደነገጥኩ። ‘ከሽምግልናው ስመለስ ብረቷን ሄጄ አየኋት፤ ክቡን በሁለት ጣቴ ያዝኩት፣ አመለጠኝ። ልጁ እውነቱን ነው’ አሉኝ። አወረድኩላቸው። የዘይት ጣሳቸውንም ጥለውልኝ ሄዱ፤ ‘እኔ ከእንግዲህ አልነካውም’ ብለው።”

“ታዲያ ለእኔ ለምን አልነገረኝም?”

“ጠይቄያቸው ነበር። ‘በገዛ እጄ ገደል እንደሰደድኩት ካመንኩለት በየት ዓይኔ አየዋለሁ? ይልቅ ግትር ነው ይበለኝ’ አሉኝ። አንተም እንዳትነግረው ብለው ለመኑኝ።” ዲስኩን ወደ ብርሃኑ አንሥቶ በአንድ ዓይኑ አየው። “እስከ መቼ ግን አላሉኝም።”

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አልተደሰትኩም። ተናደድኩ። ከድሮው ይበልጥ ተናደድኩ። እያንዳንዱን በዓል፣ እያንዳንዱን ጭቅጭቅ፣ ያን ዓይኑ እያየ ዘይት የቀባሁትን ዲስክ ሳይቀር እያወቀ ነው ያሳለፈኝ። ለመላኩ ድንጋይ ተሸከመ፤ ለእኔ ለተሰበርኩት ምን ተሸከመ? ብስክሌቷን እየገፋሁ ስመለስ ልለው ያሰብኩትን ሁሉ በልቤ እየደረደርኩ ነበር። ምን ብዬ እንደምጀምር፣ ድምፄን የት ላይ ከፍ እንደማደርግ፣ ሁሉን አዘጋጅቼ ደጁን ከፈትኩ።

አባቴ መደቡ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ትዕግስት ሮጣ መጥታ ብስክሌቷን ከእጄ ወሰደች፤ ግቢውን ዞረችና አጠገባችን መጥታ ቀጥ አድርጋ አቆመቻት። አባቴ ተነሥቶ ቀረባት። ጎንበስ ብሎ ዲስኩን አየ።

“ይይዛል?” አለኝ።

“ይይዛል።”

“ንገራት” አለ፤ ዓይኑን ከዲስኩ ሳያነሣ። “ዘይት እንዳታስነካው።”

የደረደርኩት ሁሉ ጠፋብኝ። እሱ ቀና ብሎ አላየኝም፤ መልስም የሚጠብቅ አይመስልም። ሁለት እጁ እንደ ትናንቱ ከኋላው ተጣምሮ ነበር፤ አሁን ልብ ብዬ ሳየው፣ አንደኛው እጁ ሌላኛውን አንጓው ላይ አጥብቆ ይዞታል።

“እነግራታለሁ” አልኩት።